ዳገቱ ከሁላችን እኩል አይጠይቅም

የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ቅዳሜ ጠዋት በኅብረት ብስክሌት ይነዳሉ። የምንኖረው ሐዋሳ ነው፤ ሐዋሳ ደግሞ ለሳይክል የተመቸች ከተማ ናት። መሬቷ ሜዳ ነው፣ አውራ መንገዶቿ ሰፊ ናቸው፣ ሳይክል መንዳት የማይችል ልጅም በየሰፈሩ ጥቂት ነው። እኔም የወጣቶቹ የመጽሐፍ ቅዱስ አስተማሪ ስለሆንኩ አብሬያቸው እወጣለሁ። በጸሎት እንጀምራለን፤ አንድ ሰዓት ያህል እንነዳለን፤ ከዚያ ሻይ ቤት አረፍ ብለን ዳቦ በሻይ እንበላለን።

ገና ስንቀመጥ ስልኮች ከኪስ ይወጣሉ። «ስንት አቃጠልክ?» «ስድስት መቶ ካሎሪ!» «እኔን እኮ ሦስት መቶ ሰባ ብቻ ነው የሚለኝ።» መንገዱ አንድ ነው፤ የወጣነው አብረን ነው፤ የደረስነውም በጥቂት ደቂቃዎች ልዩነት ነው። ቁጥሩ ግን በጣም ይራራቃል። መጀመሪያ ላይ ጨዋታ ነበር። እየቆየ ሲሄድ ግን ሁለት ወጣቶች በዚህ ጨዋታ ሲጎዱ አየሁ። አንደኛው ሰውነቱ ከበድ ያለ ወንድም ነው፤ ሁለተኛዋ ቀጭን እህት ናት። እሱ ዳገት ላይ ወደ ኋላ መቅረቱን፣ እሷ ደግሞ የቁጥሯን ማነስ እንደ ስንፍና ቆጠሩት። ስለ እነርሱ በፈቃዳቸው እጽፋለሁ፤ አስቀድሜ ግን ስለ ቁጥሩ ራሱ ልናገር። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ፊዚክስ ነውና ይህን ያህል ማስረዳት አያቅተኝም።

ስልኩ ቁጥሩን ከየት ያመጣዋል? ጡንቻችንን አይለካም፤ እስትንፋሳችንንም አይቆጥርም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ማባዛት ብቻ ነው። የዘርፉ ባለሙያዎች ለእያንዳንዱ የእንቅስቃሴ ዓይነት አንድ ቁጥር ሰጥተዋል፤ ሜት ይሉታል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ሜቱ 1 ነው፤ ይህም ማለት በአንድ ሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎው 1 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል ማለት ነው። (ካሎሪ ስል በምግብ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈውን፣ በሳይንሱ ኪሎካሎሪ የሚባለውን ማለቴ ነው።) በሰዓት ከ19 እስከ 22 ኪሎ ሜትር ብስክሌት ለሚነዳ ሰው የተሰጠው ቁጥር 8 ነው። እንግዲህ 8ን በሰውየው ኪሎ፣ ከዚያም በነዳበት ሰዓት ማባዛት ነው። 50 ኪሎ የምትመዝን እህት በአንድ ሰዓት 400 ካሎሪ ይደርሳታል፤ 90 ኪሎ የሚመዝን ወንድም 720።

ልብ በሉ፤ በዚህ ስሌት ውስጥ ትጋት የሚባል ነገር የለም። ጥርሱን ነክሶ የነዳውም፣ ወሬ እያወራ የነዳውም፣ ፍጥነታቸውና ኪሎአቸው አንድ ከሆነ ቁጥራቸው አንድ ነው። የልብ ምት የሚለካ ሰዓት ያሰረ ወይም ፔዳሉ ላይ የኃይል መለኪያ ያስገጠመ ሰው የተሻለ ግምት ሊያገኝ ይችላል። የእኛ ልጆች ግን ያላቸው ስልክ ብቻ ነው፤ ስልኩ ደግሞ መጀመሪያ የጠየቃቸው ኪሎአቸውን ነው።

ታዲያ ማባዛቱ እውነት ነው? በከፊል። መልሱ የሚወሰነው በምን ዓይነት መንገድ ላይ እንደምንነዳ ነው።

በእግሩ የሚሄድ ሰው ሙሉ ክብደቱን በየእርምጃው ራሱ ይሸከማል። ብስክሌት ላይ ግን ክብደታችንን የሚሸከሙልን ኮርቻውና ጎማዎቹ ናቸው። ሐኪሞች ጉልበቱን ለሚያመው ወይም ሰውነቱ ለከበደ ሰው ከሩጫ ይልቅ ብስክሌትን የሚመክሩትም ለዚህ ነው። ሜዳ ላይ ብስክሌት የሚነዳን ሰው ወደ ኋላ የሚጎትቱት በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አየሩና የጎማው ፍትጊያ። ፍትጊያው ከክብደት ጋር እኩል ያድጋል፤ ክብደቱ እጥፍ ከሆነ ፍትጊያውም እጥፍ ይሆናል። አየሩ ግን ኪሎ አይጠይቅም። እሱ የሚጠይቀው የፊት ለፊት ስፋታችንንና ፍጥነታችንን ነው፤ ፍጥነታችን እጥፍ ሲሆን የአየሩ ተቃውሞ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስንነዳ ፔዳሉ ላይ ከምናውለው ጉልበት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚወስደው አየሩ ነው።

በተራ ሳይክልና በተራ ጎማ አስልቼ እንዳየሁት፣ ሜዳ ላይ 90 ኪሎው ወንድም ፔዳሉን ለመግፋት የሚያወጣው ጉልበት 50 ኪሎ ከምትመዝነው እህት የሚበልጠው ከሩብ እስከ ሲሶ ያህል ነው። ኪሎው ግን በ80 በመቶ ይበልጣታል። ትልቅ ሰውነት ተቀምጦም የበለጠ ስለሚያቃጥል ያንን ስንጨምርበት ልዩነቱ ትንሽ ይሰፋል፤ ቢሆንም የስልኩን 400 እና 720 አያህልም። እንግዲህ እንደ ሐዋሳ ባለ ሜዳ ላይ ስልኩ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ያጋንነዋል።

ከከተማ ወጥተን ዳገት ስንጀምር ነገሩ ይለወጣል። ፍጥነታችን ስለሚቀንስ አየሩ ይተወናል፤ በምትኩ የምድር ስበት ይይዘናል። ስበት ደግሞ እያንዳንዷን ኪሎ ይቆጥራል፤ የነጂውን ብቻ ሳይሆን የሳይክሉን፣ የቦርሳውን፣ በፕላስቲክ የያዝነውን ውኃ ጭምር። 100 ሜትር ከፍታ ያለው ዳገት እናስብ፤ ሳይክሉም 15 ኪሎ ይሁን። እህታችን ከነሳይክሏ 65 ኪሎ ናት፤ ያንን ወደ ላይ ለማንሳት 64 ኪሎጁል ሥራ ያስፈልጋል። ወንድማችን ከነሳይክሉ 105 ኪሎ ነው፤ ለእሱ 103 ኪሎጁል ያስፈልጋል።

ይህን ወደ ካሎሪ መለወጥ ቀላል ነው። ሰውነታችን ከሚያቃጥለው ምግብ ፔዳሉ ላይ ሥራ ሆኖ የሚወጣው ከ20 እስከ 25 በመቶው ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል፤ የሚያልበንም ለዚህ ነው። አንድ ካሎሪ ደግሞ 4.2 ኪሎጁል ገደማ ነው። ሁለቱ ስለሚጣፉ ፔዳል ላይ የዋለ 1 ኪሎጁል በግምት የተቃጠለ 1 ካሎሪ ይሆናል። ስለዚህ ያ ዳገት፣ የአየሩንና የጎማውን ትተን፣ ከእሷ 64፣ ከእሱ 103 ካሎሪ ያህል ይጠይቃል።

ሁለቱም ዳገቱን በ10 ደቂቃ ለመጨረስ ቢፈልጉ እሷ 106 ዋት፣ እሱ 172 ዋት ማውጣት አለባቸው። እሱም እሷ በምታወጣው 106 ዋት ቢነዳ ለመድረስ ከ16 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ይህን ቁጥር ደጋግማችሁ እንድታስቡበት እፈልጋለሁ። ዳገቱ ጫፍ ላይ ስድስት ደቂቃ ዘግይቶ የደረሰው ወንድም ቀድመውት ከደረሱት እኩል ታግሎ፣ እንዲያውም ከእነርሱ ረዘም ላለ ጊዜ ታግሎ ነው የደረሰው።

ቀላሉ ሰው ግን በነፃ አልወጣም። ሳይክሉ ለሁሉም 15 ኪሎ ነው። ለእህታችን የሰውነቷ 30 በመቶ ነው፤ ለወንድማችን 17 በመቶ ገደማ። 64ን ለ50 ብናካፍል ዳገቱ ከእያንዳንዷ ኪሎዋ 1.3 ካሎሪ ገደማ ወስዷል። 103ን ለ90 ብናካፍል ከእሱ የወሰደው 1.1 ገደማ ነው። በድምሩ እሱ ይበልጣል፤ በኪሎ ሲካፈል እሷ ትበልጣለች። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ተራው የእሱ ነው፤ የሚጎትተው ክብደት በዝቶ አየሩ ግን በዚያው ልክ ስለማይበዛበት ሳይገፋ ቀድሟት ይወርዳል። (ፍሬኑን ቀደም ብሎ እንዲይዝ ሁልጊዜ እነግረዋለሁ።) አንድ መንገድ ላይ ሦስት ዓይነት ፍርድ አለ ማለት ነው፤ የሜዳው፣ የዳገቱና የቁልቁለቱ። ስልኩ ሦስቱን ቀላቅሎ አንድ ቁጥር ይሰጣል።

ሰው ስንት ካሎሪ እንደሚያቃጥል መለካት የተጀመረበት ታሪክ ለእኛ ለአማኞች ደስ የሚል ነው። ዊልበር አትዋተር የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1844 የተወለደ የሜቶዲስት አገልጋይ ልጅ ነው። በኮነቲከት፣ በሜቶዲስቶች በተመሠረተውና በጆን ዌስሊ ስም በተጠራው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። በ1890ዎቹ ኤድዋርድ ሮዛ ከተባለ የፊዚክስ ሊቅ ጋር ሰው የሚገባበት የታሸገ ክፍል ሠራ። ሰውየው እዚያ ውስጥ ለቀናት ይበላል፣ ይተኛል፣ ይሠራል። የሚገባለት ምግብ ይመዘናል፤ ከሰውነቱ የሚወጣው ሙቀትና አየር ይለካል። ሥራውን ለመለካትም ከቦታው የማይነቃነቅ ብስክሌት አስገብተውለት ፔዳል ይመታ ነበር። ያገኙት ውጤት የገባውና የወጣው ኃይል እኩል መሆኑን ነው። ከሰው ጉልበት አንዲት ነገር በከንቱ አልጠፋችም፤ ወይ ሥራ ሆናለች፣ ወይ ሙቀት ሆናለች፣ ወይ በሰውነት ውስጥ ተቀምጣለች። እነርሱ ያንን የሠሩት ሰው ለመኖርና ለመሥራት ምን ያህል ምግብ እንደሚያስፈልገው ለማወቅ ነው። ያ ሥራ የተጀመረው ወጣት በራሷ እንድታፍር አልነበረም።

አሁን ወደ ሁለቱ ወጣቶች ልመለስ።

ወንድማችን ከ90 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ዳገት በወጣን ቁጥር መጨረሻ ይደርሳል። ወጣቶች ናቸውና ይቀልዳሉ፤ «ሳይክሉ ራሱ አዘነ»፣ «ጎማው ጸሎት ያስፈልገዋል» ይላሉ። እሱም አብሮ ይስቃል። አንድ ቀን ግን ከመካከላቸው አንዱ በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 12 ላይ ሯጩ ሸክሙን እንዲያራግፍ የተነገረውን ጠቅሶ ቀለደበት። ያኔ አልሳቀም። ከዚያ በኋላ ሦስት ቅዳሜ ቀረ፤ በአራተኛው ሳምንት ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥናትም ቀረ። ቤቱ ሄጄ ስጠይቀው፣ «መምህር፣ ሁሉም የሚጠብቁኝ እኔን ነው። ሰነፍ ነህ ሲሉኝ ደግሞ ውስጤ እውነት ነው ይለኛል» አለኝ።

እህታችን ደግሞ 46 ኪሎ ናት። ጓደኛዋ 75 ኪሎ ትመዝናለች። ጎን ለጎን ነድተው ይመለሳሉ፤ የጓደኛዋ ስልክ 600 ይላል፣ የእሷ 370 አይሞላም። 8ን በ46 ማባዛት ነውና ሌላ ሊል አይችልም። እሷ ግን ለመንፈሳዊውም ለሥጋዊውም ነገር ትጉህ የሆነች ልጅ ናት፤ ልዩነቱን እንደ ጉድለቷ ቆጠረችው። ጉድለቱን ለመሙላት ምሳ ተወች። ቀጥሎ ቁርስ ተወች። ቤተሰቧ ሲጠይቋት «ጾም ላይ ነኝ» ትላለች፤ በአማኝ ቤት ደግሞ የሚጾምን ሰው ብላ ብሎ የሚያስገድድ የለም። ነገሩ የታወቀው በመዘምራን ልምምድ ላይ ራሷን ስታ ስትወድቅ ነው።

ባለቤቴና እኔ ቤታችን ቡና ጠራናት። ባለቤቴ ቡናውን እያፈላች ብዙ ነገር አጫወተቻት። በመጨረሻ ልጅቷ ራሷ አነሳችው። «መምህር፣ ከእሷ ጋር እኩል ነው የምነዳው። ለምንድን ነው የእኔ ሁልጊዜ የሚያንሰው? ምን ጎደለኝ?»

ወረቀት አመጣሁና ከላይ የጻፍኩላችሁን ስሌት ሠራንላት። ስምንትን በአርባ ስድስት። ስምንትን በሰባ አምስት። ሳይክሉ ከሰውነቷ ስንት እጅ እንደሆነም አካፈልን። ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን ስታይ ቆየች። «እንግዲህ ስልኩ ያወቀው ኪሎዬን ብቻ ነው» አለች። «አዎ» አልኳት፤ «እንዴት እንደነዳሽ አያውቅም።»

የጾሙን ነገር ያነሳችው ባለቤቴ ናት። ጾም ሲሆን ሰው ወደ እግዚአብሔር ፊቱን ያቀናል፤ ጊዜ አለው፣ ጸሎት አለው፣ ሲያበቃም በምስጋና ይፈታል። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ላይ እንደሚያስተምረን የጾም ፍሬ እንጀራን ለተራበ ማካፈል ነው። ሚዛን ፈርቶ፣ ከቤተሰብ ተደብቆ ምግብ መተው ግን ሌላ ነገር ነው፤ የጾም ስም ስለሰጠነው ጾም አይሆንም። ባለቤቴ ይህን ስትላት ልጅቷ አለቀሰች። በማግስቱ አብረናት ጤና ጣቢያ ሄድን። ከዚያ በኋላም ብዙ ቀን ቤታችን ምሳ በልታለች።

ይህን የምጽፈው የእሷ ዓይነት ነገር የብዙዎች መሆኑን ስለማውቅ ነው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 በስፖርተኞች ላይ ስለሚደርስ አንድ የጤና ችግር ሰነድ አውጥቷል፤ ችግሩ የሚመጣው ስፖርተኛው ከሚያወጣው ጉልበት ጋር የማይመጣጠን ጥቂት ምግብ ሲበላ ነው። የሴቶች የወር አበባ ይዛባል ወይም ይቋረጣል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ሰውነት በሽታን መከላከል ያቅተዋል፣ መንፈስም ይጨልማል። ወንዶችንም ያገኛል። ብስክሌት ደግሞ፣ ዳገት ኪሎን ስለሚቆጥር፣ ይህ ፈተና ከሚበረታባቸው ስፖርቶች አንዱ ነው።

ታዲያ በዚሁ ስፖርት ውስጥ እንኳ አንድ ዓይነት ሰውነት ብቻ አላሸነፈም። ከ1991 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን አምስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈው ስፔናዊው ሚጌል ኢንዱራይን ቁመቱ 1 ሜትር ከ88፣ ኪሎውም ወደ 80 የሚጠጋ ሰው ነበር። በ2019 ያሸነፈው ኮሎምቢያዊው ኤጋን በርናል ወደ 60 ኪሎ ነው። አንዱ ሜዳ ላይ ብቻውን በሰዓት ሲሽቀዳደም ሌሎችን አርቆ ጥሎ ይሄድ ነበር፤ ሌላው በተራራ ላይ በረታ። የጎረቤታችን የኤርትራ ልጅ ቢንያም ግርማይ በ2024 በዚያው ውድድር ሦስት ጊዜ ቀድሞ ሲገባና አረንጓዴውን ማሊያ ሲወስድ ጉልበቱ በመጨረሻዎቹ መቶ ሜትሮች ላይ ነበር። የእኛው ጽጋቡ ግርማይም በ2016 በዚህ ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ለየሰውነቱ የሚሆን ቦታ አለው።

ስለ ክብደት መጠንቀቅ ኃጢአት ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ሐኪም ኪሎህን ቀንስ ያለው ወንድም ይስማ፤ ብስክሌትም ይረዳዋል። ነገር ግን በትዕግሥት ያድርገው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። 500 ካሎሪ የሚያስወጣ የቅዳሜ ጉዞ የዚያ አንድ አሥራ አምስተኛ ነው። አንድ ቅዳሜ ሰውን አያከሳም፤ አንድ ዳቦም ሰውን አያወፍርም። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የሰውነት ልምምድ ጥቂት ይጠቅማል ብሎታል። ጥቂት ማለቱን የምናስታውስ ብዙ ነን፤ ይጠቅማል ማለቱንም እናስታውስ። ሁለቱን አብረን ከያዝን ሰውነታችንን አንንቀውም፣ አናመልከውምም።

በሚቀጥለው የጥናት ቀን ስም ሳልጠራ 50 ኪሎና 90 ኪሎ ብዬ ስሌቱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠራሁላቸው። ከዚያ የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 12ን ከፈትን፤ የመበለቲቱን ታሪክ። ጌታ በመባው ሳጥን ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲመለከት ባለጠጎች ብዙ ጣሉ፤ እሷ ሁለት ናስ ጣለች። ሳንቲም ለሚቆጥር ሰው እሷ መጨረሻ ናት። ጌታ ግን የጣለችውን ብቻ ሳይሆን ከምን ላይ እንደጣለች ስላየ ከሁሉ እንደምትበልጥ ተናገረ። «ስልኩ የሚቆጥረው ሳጥኑ ውስጥ የወደቀውን ነው፤ ያውም በግምት» አልኳቸው። ቀልድ ያበዛ የነበረው ልጅ ሰሌዳው ላይ ያለውን 106 እና 172 ዋት ሲያይ ቆይቶ፣ «እንግዲህ አብሮን ለመድረስ ቢሞክር ከሁላችንም በላይ ነው የሚሠራው» አለ። ከጥናቱ በኋላ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀው። እኔ አላዘዝኩትም።

በገላትያ መልእክት ምዕራፍ 6 ላይ ሐዋርያው አንዳችን የሌላችንን ሸክም እንድንሸከም ይነግረናል፤ ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ሸክም ይሸከማል ይላል። የሚጋጩ የሚመስሉት ሁለቱ ቃላት በብስክሌት ጉዞ ላይ አብረው ይሄዳሉ። የአንዱን ኪሎ ሌላው ወስዶ ዳገት ሊወጣለት አይችልም፤ ያ የራሱ ነው። የምንጋራው ግን ብዙ አለ። ወጣቶቹ ራሳቸው ተመካክረው ሁለት ደንብ አወጡ።

የመጀመሪያው የዳገት ደንብ ነው። ድሮ ቀድመው የደረሱት ጫፍ ላይ አርፈው ይጠብቃሉ፤ መጨረሻ የሚደርሰው ሲመጣ «መጣ፣ እንሂድ» ብለው ይነሳሉ። ብዙ የለፋው ሰው ምንም ሳያርፍ፣ ያረፉት እንደገና ይቀድሙታል። አሁን የመጨረሻው ሰው ከደረሰ በኋላ አምስት ደቂቃ ሁሉም ይቀመጣል። ውኃ ይጠጣል፤ አንድ መዝሙር ይዘመራል።

ሁለተኛው የሜዳ ደንብ ነው። ከሐይቁ ወገን ነፋስ ሲነሳ ከፊት የሚነዳው ሰው አየሩን ይሰነጥቃል፤ ከኋላው ተጠግቶ የሚነዳ ሰው ይቀለዋል። እንደ ተወዳዳሪዎቹ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ቅናሹ ወደ ሩብ ይጠጋል፤ በእኛ ፍጥነት ያንሳል፣ ግን ይታወቃል። ከፊት ያለው ሰው ሰፋ ያለ ሲሆን ጥላው የበለጠ ይከልላል። ያ ወንድማችን ተመልሶ መጥቷል፤ ነፋስ ሲኖር ከፊት የሚነዳው እሱ ነው። ቀላሏ እህታችን ከኋላው ትገባለች፤ ሜዳ ላይ ነፋስን ብቻዋን መታገል ለእሷ ከባድ ነውና። ዳገት ሲመጣ እሷ ቀድማ ወጥታ የእሱን ውኃ ይዛ ትጠብቀዋለች። ውኃው አንድ ሊትር ከሆነ አንድ ኪሎ አቀለለችለት ማለት ነው።

እናንተም በየአጥቢያችሁ በእግር የምትሮጡ፣ ኳስ የምትጫወቱ፣ ሳይክል የምትነዱ ወጣቶች ናችሁ። ስልካችሁ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ቁጥሩንም አትጣሉት፣ ተገቢ ሥራ ስጡት። እኛ አሁን የምንጠቀምበት ለአንድ ነገር ነው፤ ዳቦ ለመግዛት። ረጅም ጉዞ ስንወጣ ማን ስንት ያህል እንደሚያቃጥል በግምት እናሰላና ስንት ዳቦ፣ ስንት ሙዝ እንደምንይዝ እንወስናለን። 90 ኪሎው ወንድም ከ50 ኪሎዋ እህት የበለጠ ይደርሰዋል፤ ሲወስድም አያፍርም። እሷም ድርሻዋን እስከ መጨረሻው ትበላለች፤ ማንም «አትወፍሪም?» አይላትም። ከመብላታችን በፊት ከመካከላችን አንዱ ያመሰግናል፤ ስልኮቹም ያን ጊዜ ኪስ ውስጥ ናቸው።